«ቆመ» የማይባልበት ወፍጮ ቤት

በእኛ ቤት «ወፍጮው ቆመ» አይባልም። «አረፈ» ነው የሚባለው። በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ለቢሻው ተድሬ ስመጣ አማቴ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይኸን ነው፤ ቋት መጥረግም ዱቄት መንፋትም ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በመጣሁ በሁለተኛው ቀን «እማየ፣ ወፍጮው ቆሟል» ብል መዳፋቸውን አፌ ላይ ለጠፉብኝ።

«የእኔ ልጅ፣ ሰው ይቆማል፣ በሬ ይቆማል። ወፍጮ ያርፋል እንጂ አይቆምም።»

ነገሩ የመጣው ከቢሻው አባት ነው። ጉማራ ዳር የውሃ ወፍጮ ነበራቸው። አንድ ሰኔ፣ ወንዙ ገና ቀጭን ሳለ፣ እህል ያመጣች ሴት ድንጋዩ ሲያዘግምባት «ኧረ ይኸስ ቆመ» ብላ ሳቀች አሉ። በዚያው ሳምንት ከላይ ዘንቦ ጉማራ ሞላና ወፍጮውን ከነቤቱ ወሰደው፤ እኔ የደረስሁበት ኋላ መልሰው የሠሩት ነው። ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ክረምት ነው፣ ወንዝ ነው። ቤቱ ግን ቃሉን ጠላው። ጎጡም ለመደልን፤ እህል ይዞ የመጣ ሁሉ በራችን ሲደርስ «አርፏል ወይስ እየፈጨ ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። ሰው ሲሞትም አረፈ እንላለን። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለቱ አረፈዎች ተጋጭተውብን አያውቁም ነበር። የተጋጩት ዘንድሮ፣ በዐቢይ ጾም ነው።

ቢሻው የናፍጣውን ወፍጮ ያመጣው ልጃችን የኋላሸት ዳዴ ሲል ነው። አይ፣ ዳዴስ አይደለም፣ ይሄድ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሳ ደንግጦ ሮጦ ቀሚሴ ውስጥ መግባቱ ትዝ ይለኛል። ዱግ ዱግ ሲል እስከ ጣና ዳር ይሰማል ይባል ነበር። ሩዝ አጨዳ ላይ ያሉ ሰዎች ድምፁን ሰምተው ነው ወደ ቤት «እህሉን ላኩት» የሚሉ።

የወፍጮ ድንጋይ ሲሠራ ይላጫል። ይለሰልስና እህሉን መብላት ትቶ ማሸት ይጀምራል። ያን ጊዜ ይገለበጥና ይወቀራል። ቢሻው ጎንበስ ብሎ በመውቀሪያው ጠብ ጠብ እያደረገ ለድንጋዩ ጥርስ ሲያወጣለት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። የሚፈናጠረው ስባሪ የእጁ ጀርባ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ጥቁር ጥቁር ነጥብ፣ ጤፍ የተዘራበት ይመስላል። ሙሽራ ሳለሁ በመርፌ ላወጣለት ስሞክር «ተይው፣ ሲቀብሩኝ አብሮ ይገባል» አለኝ።

ጆሮውን ሞተሩ ወሰደው። መጀመሪያ ቀኝ ጆሮው፣ ቀጥሎ ግራው። እኔ ስጮኽበት ይሰማል፣ ሌላው ሰው ግን ልብሱን ካልጎተተው አይዞርም። ወፍጮውን የሚሰማው በመዳፉ ነበር። ድንጋዩ የሚዞርበት ሣጥን ላይ እጁን ያስቀምጥና «ጠጠር ገብቷል» ይላል፤ ሲከፈት ጠጠር አለ። ዱቄቱን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መሐል አሽቶ «ይኸ ዳጉሳ ጠል አግኝቶታል፣ መልሰሽ አስጪው» ሲል ባለእህሏ ታፍራለች።

በኋላ ጊዜው ከበደ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ናፍጣ በጀሪካን አይቀዳም ተባለ፤ በጀሪካን ካልተቀዳ ደግሞ ወፍጮ ማደያ ድረስ በእግሩ አይሄድ። ወፍጯችን ሳምንት አረፈ፣ ወር አረፈ፣ መንፈቅ አረፈ። የመብራት ምሰሶ ወደ እኛ ጎጥ አልደረሰም። ሴቱ ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ወረታ ድረስ ሦስት ሰዓት መንገድ መሄድ ያዘ፤ በክረምት ሜዳው ውሃ ሲሆን እስከ ጉልበት እየገባ። ጎረቤቴ ወለተ ሐና አንድ ቀን ከነጆንያዋ ወድቃ ዱቄቷ ጭቃ ሆኖ መጣች። በራችን ላይ ቁማ ቢሻውን አየችው።

«አያ ቢሻው፣ ያንተ ወፍጮ እረፍቱ አልበዛም? ጡረታ ወጣ እንዴ?»

እየቀለደች ነው፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል። ቢሻው አልሰማትም፤ ጭቃውን ግን አይቷል። ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ከጎጣችን ወደ ጣና በኩል ሜዳው ላይ አንድ የብረት ማማ አለ። በላዩ የሚዞር ክንፍ አለው። ለከብት ውሃ ከጉድጓድ ይስብ ተብሎ ድሮ የተተከለ ነው፤ እነማን እንደተከሉት ረስቻለሁ። ጉድጓዱን ጎርፍ በደለል ከደፈነው ቆየ። ክንፉ ግን ከቀትር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ የጣና ነፋስ ሲመጣ በባዶው ይዞራል።

«ሰገን፣ ያ ነገር አያሳዝንሽም?» አለኝ ቢሻው አንድ ቀን።

«ምኑ?»

«ጉልበት እያለው ሥራ መፍታቱ።»

ስለ ክንፉ ይሁን ስለ ራሱ አልጠየቅሁትም።

ወረታ ላይ ሙሰብ የሚባል ብረት በያጅ አለ፤ አባቱም የናፍጣችንን ወፍጮ ይጠግን ነበር። ቢሻው ማማውን ሊያሳየው አመጣው። ሙሰብ አንጋጦ አይቶ አይቶ ሳቀ።

«አያ ቢሻው፣ ክንፉ የሚዞረው ቀጥ ብሎ ነው። የእርስዎ ድንጋይ የሚዞረው ተኝቶ ነው። እንዴት ይጋባሉ?»

«አጋባቸዋ! ሽማግሌ ልላክብህ?» አለ ቢሻው። ጆሮው ባይሰማም የሰው ከንፈር ማንበብ ይችልበታል።

ሙሰብ ሄደና ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተጣለ የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ፈትቶ በጋሪ ይዞ መጣ። ዙሩን የሚያጥፈው እሱ ነው አለ። ክንፉን ከበርሜል ቆርቆሮ ቆርጦ አሰፋው። ማማው ሥር በጭቃ ቤት ሠራን፣ ትንሹን ድንጋይ ወሰድን፣ ቢሻው አዲስ ወቀረው። ቀበሌውን ስንጠይቅ «ለወፍ ማረፊያ ከመሆን ይሻላል» ብለው ፈቀዱ።

መጀመሪያ የፈጨ ቀን ኅዳር ነበር፣ ሩዙ የታጨደ ሰሞን። ጎጡ ሁሉ ወጣ። ስምንት ሰዓት ሲሆን የጣና ነፋስ መጣ፣ ክንፉ ተንቀሳቀሰ፣ ብረቱ አቃሰተ፣ ድንጋዩ ዞረ። ዝግ ይላል፤ የናፍጣው በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን ይኸ እያሰበ ነው የሚፈጨው። ግን ፈጨ። ቢሻው መዳፉን ሣጥኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ወለተ ሐና ዱቄቷን ስታይ አላስቻላትም።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ባሌን ‹ዱቄቱን ነፋስ ወሰደው› ስለው ውሸቴን አይደለም!»

ያ በጋ ደስ አለን። ረጅም አልነበረም እንጂ ደስ አለን።

የኋላሸት ሐሙሲት ነው የሚኖረው፤ ሱቅ አለው፣ ትዳር አለው። በጥምቀት ሰሞን ሊጠይቀን ሲመጣ አባቱን ማማው አናት ላይ አገኘው። ቢሻው ሰባ አራት ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ ግራሶ ይዞ ይወጣል፤ ብረቱ ካልተቀባ ይበላል ብሎታል ሙሰብ። ልጄ ከታች ቁሞ ይጮኻል፤ አባቱ አይሰማም። እስኪወርድ ድረስ የልጄ ፊት አመድ መሰለ።

«አባየ፣ ከዚህ ብትወድቅ ማን ያነሣሃል? እማየ ናት የምታነሣህ?»

«አልወድቅማ።»

«ሁሉም የወደቀ ሰው እንዲያ ነው የሚለው።»

ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ እኔ መሐል ገብቼ ተስማሙ፤ ባልገባሁ ይሻል ነበር ይሆን እላለሁ አሁን። እስከ ፋሲካ ወፍጮው ለጎጡ ከፈጨ፣ የኋላሸት ወጣት ሰው ፈልጎ ለግራሶው ሊያቆምለት። ካልፈጨ ግን ብረቱ ለሙሰብ ተመልሶ እኛ ሐሙሲት ልንገባ። ቢሻው እጁን ሰጠ። ሐሙሲት መግባት ለእሱ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ለየኋላሸት ልጅ ክርስትና ሄደን ሦስት ቀን ስንቀመጥ፣ ሦስቱን ቀን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር።

ጾሙ ገባ። ነፋሱ ጠፋ።

በየካቲትና በመጋቢት ነፋስ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? ጣራ የሚገልብ ነበር በዚያ ወቅት። ዘንድሮ ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ እንወጣለን፣ ወደ ጣና እናያለን፤ ሣሩ አይነቃነቅም። ቢሻው ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ያነሣል። ጆንያው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተራውን ይዞ ተደርድሮ ነበር፤ አንድ በአንድ ባለቤቶቹ እየመጡ ወሰዱት። አፍረው ነው የሚወስዱት። «አያ ቢሻው፣ ለእንግዳ ቸኩዬ ነው እንጂ» ይላሉ። እሱ ራሱ አንሥቶ ያሸክማቸዋል።

ናፍጣ ቢጠፋ ነጋዴውን ትለምናለህ፣ ትሰድበዋለህ። ወንዝ ቢቀንስ ቦይ ትጠርጋለህ። ነፋስን ምን ታደርገዋለህ? መምሬ ዓለምብርሃን የነፍስ አባታችን ናቸው። በእኛ በኩል ሲያልፉ ቢሻው መስቀል ተሳለመና ያዛቸው።

«መምሬ፣ ለዝናብ ምሕላ ይያዛል። ለነፋስ የለም?»

«በቅዳሴው ነፋሱንም እናነሣዋለን፣ አያ ቢሻው። የት ይንፈስ ብለን ግን አናዝዘውም» አሉ ጮክ ብለው።

«ትንሽ ወደዚህ ጠቆም ቢያደርጉት።»

መምሬ ሳቁ። ከዚያ ፊቱን አዩና ሳቃቸውን ተዉት። ማማው ሥር ቁመው ደገሙለት፣ በመስቀላቸው ድንጋዩንም ባረኩት። ስምንት ሰዓት እስኪሆን አብረውን ተቀመጡ። ምንም አልመጣም።

ለፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ ሐሙስ ቀን፣ መጣ። በስምንት ሰዓትም አልመጣ፣ በረፋድ። እንደ ነፋስ አይደለም የመጣው፣ እንደ ተፈታ ኮርማ ነው። ቢሻው ሮጠ፤ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ሲሮጥ አየሁ። ወለተ ሐናና ሌሎች ሁለት ሴቶች እህላቸውን ይዘው ደረሱ። ሦስቱም አስፈጩ፤ ዱቄቱ ከመጋሉ የተነሣ መዳፍ ይፈጃል። ነፋሱ እየበረታ ሄደ። ክንፉን ከነፋሱ አጥፎ የሚያሳርፍ ገመድ አለ። ቢሻው ሳበው፤ ተያዘ። እኔም ያዝሁ፣ ሴቶቹም ያዙ፣ እኛ አራቱ ሴቶች ተንጠለጠልንበት፤ አልመጣም። ቢሻው ለቆልን መዳፉን ሣጥኑ ላይ አደረገ። ክንፉ ዓይን እስከማይዘው ድረስ ዞረ። ከዚያ አንድ ነገር ጧ አለ። እኔ በጆሮዬ ሰማሁት፣ ቢሻው በመዳፉ። እጁን ከሣጥኑ ላይ እንደተቃጠለ ሰው አነሣ።

ሙሰብ በማግሥቱ መጥቶ ዲፈረንሻሉን ከፈተ። የተሰበሩትን ጥርሶች በመዳፉ አሳየን።

«መንጋጋው ነው የረገፈ። ተሰንጥቆ ቢሆን በበየድሁት፣ ደቅቋል።»

«ሌላ አምጣ» አለ ቢሻው።

«ሌላ የሞተ መኪና ባሕር ዳር ይገኝ ይሆናል። መንገድ ሲከፈት።»

«መቼ ይከፈታል?»

ሙሰብ ትከሻውን ነቀነቀ። «አላህ ያውቃል፣ አባቴ።» አያ ቢሻው ሲለው የኖረ ሰው ያን ቀን አባቴ አለው።

ቢሻው ከዚያ በኋላ ማማው ሥር ይቀመጣል፣ ድንጋዩን ገልብጦ ይወቅራል። ብዙ ያልተፈጨበትን ድንጋይ፣ ጥርሱ ገና ስለት የሆነውን፣ መልሶ ይወቅራል። እኔ ፈራሁ። ወለተ ሐና ወረታ ገበያ እየሄደች ነበር፣ እዚያ ኔትወርክ አለ።

«ለየኋላሸት ደውይለት» አልኋት። «አረፈ በይው። ቶሎ መጥቶ ያጽናናን በይው።»

እንዲህ ነው ያልኋት። በገዛ አፌ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ በዚህ ቤት ሌላ ቃል የለማ።

ወለተ ሐና እንደነገርኋት ነገረችው። ኋላ ስትምል ስትገዘት «መጀመሪያ ወፍጮው ብያለሁ» አለች፤ ግን መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። እሱ የሰማው «አያ ቢሻው ጋ … አረፈ … እናትህን አጽናና» የሚለውን ነው። ስልኩ ተቋረጠ። መልሶ ቢደውል አይገባም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳውን ተሻግሮ ለቅሶ ሰማሁ። ከወረታ በኩል በሁለት ጋሪና በእግር የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ «አባቴን! አባቴን!» የሚለው ድምፅ የልጄ ነው። ማን ሞተብን ብዬ ወደ ማማው ሮጥሁ። ቢሻውም ሰዎቹን አይቷቸዋል። አይሰማም፣ ግን ለቅሶ መሆኑን በአካሄዳቸው ለየው። መውቀሪያውን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ ጋቢውን እንደ ለቀስተኛ ዝቅ አድርጎ ለበሰ፤ ሄዶ ተቀበላቸውና ከፊት ያለውን ሰው አቅፎ ማልቀስ ጀመረ። ትንሽ ካለቀሰ በኋላ ቀና ብሎ ጠየቀ።

«ማን ነው ያረፈው?»

ለቀስተኛው ሁሉ ደርቆ ቀረ። ወለተ ሐና ከኋላዬ ደርሳ ነበር።

«አንተ ነሃ!» አለችው ጮኻ።

አንዲት ሴት ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች። ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። የኋላሸት አልሳቀም። የአባቱን ትከሻ ይዞ ዳበሰው፣ ፊቱን ዳበሰው፣ የእጁን ጀርባ አገላብጦ እነዚያን ጥቁር ነጥቦች አየ። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አረፈ ስትልህ ወፍጮው መሆኑ እንዴት አልገባህም?» አልሁት። ቁጣዬ በራሴ ላይ ነበር፣ በእሱ ወጣ። «እዚህ ቤት ያደግህ ልጅ!»

«እማየ፣ እኔ ያለሁበት አገር ወፍጮ ይቆማል። አረፈ ከተባለ ሰው ነው።»

ቢሻው ከንፈሩን አንብቦ ነበር። ልጁን ብቻ አየው፣ እንግዳ መጥቶ ስሙን ሲነግርህ እንደምታየው አድርጎ።

«አባየ፣ ዛሬ ሞተሃል» አለው የኋላሸት እንባውን እየጠረገ። «ከሐሙሲት እስከዚህ ቀብሬህ ነው የመጣሁ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ስልክ አልሰማም። ፋሲካን አልጠብቅም።»

ለቀስተኞቹን ዛፍ ሥር አስቀመጥናቸው። ባዶ እጃቸውን አልመጡም ነበር፤ ጋሪው ላይ ጤፍ ነበር፣ ሁለት ጆንያ። ቢሻው እጁን አስገብቶ ዘገነ።

«ይኸ አልተፈጨም።»

አንድ የሐሙሲት ሰው፣ የዕድሩ ሰው፣ አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ወፍጮ ቤት ነው የምንሄድ፣ እዚያው ይፈጫል ብለን ነው።»

ለራሱ ተዝካር እሱው እንዲፈጭ ነበር ያመጡለት። አሁን ሰው ሲሰማው ይስቃል። ቢሻውም ፈገግ ብሎ ነበር፣ እውነቴን ነው። ጆንያውን ራሱ ጎትቶ ወደ ወፍጮ ቤቱ አስገባ፣ ማንም አልከለከለውም። ጤፉን በእጁ እየዘገነ ድንጋዩ አፍ ላይ ጨመረ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። የጣና ነፋስ መጣ። ምን ያህል ያማረ ነፋስ መሰላችሁ፤ የሴቶቹን ነጠላ የሚያነሣ፣ የማይቸኩል፣ የማይደክም። ጾሙን ሙሉ የለመንነው እሱ ነው። ክንፉ ዞረ። በልኩ፣ በደንቡ ዞረ። ድንጋዩ አልተንቀሳቀሰም። ክንፉና ድንጋዩ ተፋትተዋል።

ቢሻው መዳፉን ሣጥኑ ላይ አደረገ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ሁላችንም እናየዋለን፣ ልጁም እኔም የሐሙሲት ሰዎችም። ከዚያ እጁን አነሣ።

«ቆመ» አለ።

ወለተ ሐና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እኔ አማቴን አስታወስሁ፤ መዳፌን ወደ አፉ ልሰድ ፈልጌ ነበር፣ አልሰደድሁም። ቃሉ ወጥቷል።

ጤፉን ከድንጋዩ ላይ በመጥረጊያ ሰብስበን መለስነው። እንደመጣ ሳይፈጭ ሐሙሲት ተመለሰ፤ ከሦስት ቀን በኋላ እኛም ተከተልነው። ክንፉንና ማማው ላይ ያለውን ብረት ሙሰብ በጋሪ ወሰደ። ድንጋዩን ለሥራ የሚወስድ አልተገኘም፤ ወለተ ሐና በሯ ላይ አስቀምጣው እየተቀመጠችበት ነው አሉ።

ሐሙሲት ልጃችን የሰጠን ክፍል ከጎኑ የመብራት ወፍጮ አለ። አንዱ ግድግዳ የጋራ ነው። ቢሻው ወንበሩን ግድግዳው ሥር አስጠግቶ ከጠዋት እስከ ማታ መዳፉን እዚያ ላይ አድርጎ ይውላል። መብራት ሲጠፋ ማዶ ያሉት ሴቶች «ኤጭ፣ ቆመ!» ብለው ይጮኻሉ። እሱ አይሰማቸውም። ግድግዳው ጸጥ ሲልበት ወደ እኔ ይዞራል።

«አረፈ?» ይለኛል።

አዎ ብዬ ራሴን እነቀንቅለታለሁ። እጁን ከግድግዳው ላይ አያነሣም።